«ዲ ላይ አለ»

የቤት ኮምፒውተር ሲበላሽ ፋይል የሚተርፍበትን ዘዴ ለመምረጥ ፈረንጆች በከንቱ ይደክማሉ። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይሁን፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይደር ይላሉ። ምን አስጨነቃቸው? እኛ ዘንድ ነገሩ በሦስት ቃል ካለቀ ቆይቷል፤ «ዲ ላይ አለ።»

ለማያውቅ ላስረዳ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ አንድ ነው። የጥገና ቤት ልጆች ዊንዶውስ ሲጭኑ ለሁለት ይከፍሉትና አንዱን ሲ፣ ሌላውን ዲ ይሉታል። ዊንዶውሱ ሲ ላይ ይገባል፤ የሠርጉ ፎቶ፣ የማስተርስ ጽሑፉና የእድሩ ሒሳብ ደግሞ ዲ ላይ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ እንቅልፉን ይለጥጣል። ቤቱ ቢቃጠል ብሎ የይዞታ ማረጋገጫውን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ያዛወረ ሰው እንኳ እንዲህ አይተኛም።

ዲን ማማት አይገባም፤ አንድ ነገር ይችላል። የተበላሸው ዊንዶውሱ ብቻ ከሆነ ሲ ፎርማት ይደረጋል፣ ዲ ሳይነካ ይተርፋል። እምነቱ የመጣውም ከዚህ ነው። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ሁለቱ አብረው ይሞታሉ መባሉ ግን የፈሪ ወሬ ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ዲስኩን የሚያቃጥለው ኮረንቲ ዲ ጋ ሲደርስ አፍሮ ይመለስ የለ?

የአንድ ወዳጄን ዲ ከፍቼ አይቻለሁ። «ባክአፕ» የሚል ፎልደር አለ። እሱ ውስጥ «ባክአፕ አዲስ»፣ አዲሱ ውስጥ «ዋናው»፣ ዋናው ውስጥ ደግሞ «ዋናው የመጨረሻ» እና «ዋናው የመጨረሻ 2»። በአምስቱም ውስጥ ያው የመመረቂያ ጽሑፍ ተገልብጧል። በቅጂ ብዛት ከሆነ ፈረንጁን በሁለት እንበልጠዋለን። የትኛው የቅርቡ እንደሆነ ወዳጄም አያውቅም፤ ግን እሱን የጠየቀው ማን ነው?

ደግሞ የጥገና ቤቱ ሥነ ሥርዓት አለ። «ሲ ላይ የምትፈልገው ነገር አለ?» ይላል ልጁ። «ኧረ ሁሉም ዲ ላይ ነው!» ደንበኛው ይህን ብሎ ማኪያቶውን ሊጠጣ ይወጣል። ዴስክቶፑ ላይ የደረደረው ሁሉ፣ ዳውንሎድስና ዶክመንትስ የሚባሉትም ጭምር፣ ሲ ላይ መሆናቸውን የሚነግረው የለም። ልጁም የራሱ ፈተና አለበት። የዊንዶውስ መጫኛው ሲና ዲ የሚል ፊደል አያሳይም፤ «ፓርቲሽን 2»፣ «ፓርቲሽን 3» እያለ ከነመጠናቸው ይደረድራል። ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ በሞላበት፣ ስልክ በትከሻና በጆሮ መሃል ተይዞ፣ አንድ መስመር ስቶ «ዲሊት» ማለት ምን ይከብዳል?

ቫይረሱንም አንርሳ። በክራክ ሶፍትዌር ተሳፍሮ የሚመጣ «ስቶፕ» የሚባል ቤዛ ጠያቂ አለ። ፋይሉን አንድ በአንድ ይቆልፍና 980 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለጨረሰ ሰው በ490 ይለቅ ነበር። ግማሽ በግማሽ ቅናሽ መርካቶም ተከራክሮ አይገኝም። ወደ ዲ ለመግባት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቀን ከሌት ተሰክቶ የሚያድር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ካገኘም እሱንም አይንቅም።

ከዲ ወገን ያልሆኑት ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለራሳቸው ይልካሉ። ፎቶውን እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ስለሚልኩት ተጨምቆ ይገባል፤ የእናትየው ምስል በትልቁ ሊታተም ሲፈለግ ፊቷ የሚፈዘው ለዚህ ነው። «ሪስቶር ፖይንት አለኝ» ብለው የሚኩራሩም አሉ። እሱ የሚመልሰው የዊንዶውሱን ሴቲንግና የሲስተም ፋይል ነው እንጂ የጠፋ ፎቶ አይደለም፤ የሚቀመጠውም እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

ሙሉ ሲን ከነፕሮግራሙና ከነፎንቱ ወስዶ ኤክስተርናል ላይ የሚያኖር ሲስተም ኢሜጅ የሚባል ነገር ዊንዶውስ 10 ውስጥ በነፃ ተቀምጧል። ኮንትሮል ፓነል ገብቶ መፈለግ ስለሚጠይቅ ግን ለክብራችን አይመጥንም። ፎንት ማለቴ ያለ ነገር አይደለም፤ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ፋይሉን አድነው ፎንቱን ያጡ ሰዎች ንብረታቸው በእጃቸው አለ፤ ማንበብ ብቻ ነው የማይችሉት።

ቅጂውን አልፎ አልፎ መልሶ መሞከር ደግሞ ባለሙያ ነን ባዮች የፈጠሩት ቅንጦት ነው። እነሱስ መቼ ሞከሩት? በፈረንጆቹ ጥር 2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሲያጠፋ፣ ከነበሯቸው አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም በወጉ እንዳልሠራ ኩባንያው ራሱ በይፋ ተናገረ። ቅጂው ይከማችበታል የተባለው ቦታ ተከፍቶ ሲታይ ባዶ ነበር። ያዳናቸው ያው ሠራተኛ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ ያስቀመጠው ቅጂ ነው። እነሱ አምስት ዘዴ ይዘው ባዶ ከቀሩ፣ እኛ በአንድ ዲ ባዶ መቅረታችን ቁጠባ ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ነቅቶ ኤክስተርናል የገዛውን ነው። ሲስተም ኢሜጁን ሠርቷል፣ ፎቶውን ገልብጧል፣ ከቫይረስም ነቅሎ አድኖታል። ከዚያ ገመዱን ጠቅልሎ፣ እንዳይጠፋበት ብሎ፣ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ከላፕቶፑ ጎን ሻጠው። ቦርሳውን ታክሲ ውስጥ ያነሳው ሰው አሁን ኮምፒውተሩ ቢበላሽበት እንኳ አንድ ፋይል አይጠፋበትም።