የፈረመ ሁሉ ሠለጠነ

አቤት የሩብ ዓመት መጨረሻ! ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ ጅጋም ይሁን ደምበጫ፣ ያ የፈረደበት ቅጽ አይቀርልንም። «በሩብ ዓመቱ ሥልጠና የወሰዱ፦ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር፤ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ።» ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ቢሮ ያስተላልፋል። በቴሌግራም ግሩፑ ደግሞ «እስከ 6 ሰዓት ያልላከ ራሱን ይጠይቅ» ይለቀቃል። ሰዉ ምን ዐወቀ፣ ባወቀውስ ምን ሠራበት የሚል ዓምድ ግን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

የሥልጠናውን አካሄድ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። አዳራሽ፣ ባነር፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ጠዋት የመክፈቻ ንግግር፣ ቀጥሎ አቴንዳንስ፣ ቀጥሎ ሻይ። ከሰዓት በኋላ እንደገና አቴንዳንስ፤ አበል የሚከፈለው በፊርማ ነዋ! የፈረመ ሁሉ ሠለጠነ። በመጨረሻም «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» የሚል ወረቀት ይታደላል። አበል ሊቀበል የተሰለፈ ሰው «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጎ ይመልሳል። ሌላ ምን ይበል?

የግብርናውን ሥልጠና እንይ፦ የአፈር አሲዳማነት ለምዕራብ ጎጃም የቆየ ጣጣ ነው። ማከሚያው ኖራ ከዘር በፊት፣ ወር ያህል ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል እንዳለበት የልማት ሠራተኛው በስላይድ ይማራል። ለየማሳው ስንት ኩንታል እንደሚበቃ የሚታወቀው ግን አፈሩ ተመርምሮ ነው። የመረመረው የለም። ገበሬው «ልጄ፣ ለእኔ ማሳ ስንት ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቀው መሬት መሬት ከማየት በቀር ምን ያደርጋል? ሪፖርቱ ላይ ግን ይኸው ሰው አቅሙ ተገንብቷል።

መምህራንም በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አለባቸው። ሱፐርቫይዘር ይመጣል በተባለበት ሳምንት የዓመቱ ፖርትፎሊዮ በአንድ ሌሊት ይሞላል፤ ቀኑ የመስከረምም የጥርም ነው፣ የእስክሪብቶው ቀለም ግን አንድ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ ፓኬጅ በተከለሰ ቁጥር ትጠራለች። እሷ አዳራሽ ስትውል ጤና ኬላው ተቆልፎ ይውላል፤ የተቆለፈበት ቀን ግን የትም አይመዘገብም።

በመሃሉ የአሠራር ለውጥ እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ ካይዘን ገባ። ሁሉም «ውጤት እናምጣ» ብሎ ነው የመጣው፤ ሁሉም ትቶልን የሄደው ተጨማሪ ቅጽ ነው።

መለኪያው ጠፍቶ አይደለም። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ ገና እ.ኤ.አ. በ1959 ሥልጠናን በአራት መመዘኛ ማየት እንደሚቻል ጽፏል፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ሥራ ላይ አዋለው ወይ? ለውጥ መጣ ወይ? እኛ ከመጀመሪያው አላለፍንም፤ እሱንም የሞላነው ለአበል ተሰልፈን ነው። የዓለም ባንክ እንኳ ተማሪ ክፍል ውስጥ የተቀመጠበትን ዘመን ብቻ ቆጥሮ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የሰው ካፒታል መለኪያ፣ ኢትዮጵያዊ ልጅ 7.8 ዓመት ትምህርት ቤት ይቆያል ካለ በኋላ፣ በእርግጥ የቀሰመው ሲሰላ ግን 4.3 ዓመት ብቻ ነው አለ። የእኛ የሥልጠና ቀን በዚህ ስሌት ቢመነዘር ስንቱ ይተርፍ ነበር?

ጢስ ዓባይ እንኳ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲጠለፍ ጢሱ ይሳሳል። የእኛ ሪፖርት ግን ጠብታ ሳይኖረው ይጤሳል፤ ያውም መቶ በመቶ።

እውነቱን ለመናገር፣ አበል ፈላጊው ላይ አይፈረድም። ደመወዙ ወር አያደርስም፤ ስለዚህ ሥልጠናው እንደ ዕቁብ በተራ ይወጣል። «ባለፈው እሱ ሄዷል፣ አሁን እሷ ትሂድ» ነው ነገሩ። ከገበሬው ጋር የሚውለው ቀርቶ የመዝገብ ቤቱ ሰው ስለ ኖራ ሠልጥኖ ይመጣል። በእርግጥ የተማረው ደግሞ ብዙ አይቆይም፤ ዝውውር ያገኛል፣ ወይም ሥራ ይለቃል። ቁጥሩ ግን አብሮት አይለቅም፤ እዚያው ወረዳ ውስጥ «የሠለጠነ የሰው ኃይል» ተብሎ ይኖራል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድም በእሱ ላይ ተጨምሮ ይወርዳል።

ብዙ አልጠየቅንም። «ከሦስት ወር በኋላ ሠራበት ወይ?» የሚል አንድ ዓምድ ይግባልን። የቅርብ ኃላፊውም ማሳው ድረስ፣ ክፍሉ ድረስ ሄዶ በዓይኑ አይቶ ይሙላው። በምትኩ የማይረባው ዓምድ፣ ሁለትም ይሁን ሦስት፣ ይውጣ። ይህን ስብሰባ ላይ ብናነሣ ግን መልሱን ከወዲሁ እናውቀዋለን፦ «ገንቢ አስተያየት ነው፤ በአዲሱ ዓምድ አሞላል ላይ ለኃላፊዎችና ለባለሙያዎች የሁለት ቀን ሥልጠና ይዘጋጃል።» እኛም በሙሉ ድምፅ እንደግፋለን። አበል አለዋ!