ሁለቱ አንበሶች በሶሎሎ ገበያ

የገንዘብ ምስጢር በአጉሊ መነጽር ይገኛል የሚለው እምነት በሊቃውንት ዘንድ ሥር ሰዷል። ይህ ጥናት አይስማማም። በኬንያ ምድር፣ በሞያሌ አቅራቢያ በምትገኘው ሶሎሎ፣ ብርና ሽልንግ በአንድ መሳቢያ ከሚያድሩበት ሱቅ የተገኘው ማስረጃ እንደሚያመለክተው፣ ሳንቲም አገላብጦ የሚያይ መታለልን የሚፈራ ሰው ብቻ ነው። የናሙና አመራረጡ ጥብቅ ነበር፤ ደንበኛ ሁሉ አልቀበልም ያለው ሳንቲም ተካቷል።

አስቀድሞ የቀን ጉዳይ። አያቶቻችን የተማመኑበት ማርትሬዛ ብር፣ ስሙን የሰጡት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ በ1780 ካረፉ በኋላ በተመታ ቁጥር «1780» እንደተባለ ቀረ። ሰውም ቀኑን ንቆ በዘውዳቸውና በትከሻ ጌጣቸው ላይ ያለውን ዕንቁ ይቆጥር ነበር። ዕንቁው ከደበዘዘ ብሩ ተመላሽ ነው።

የኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከእቴጌይቱ ትምህርት ወስዷል። ፲፱፻፴፮ የሚል ቀን ያለባቸው የመዳብ ሳንቲሞች እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. ድረስ በዚያው ቀን ተመቱ። አገር ምድሩ ሠላሳ ዓመት ያህል አንድ ዓመት ላይ ቆሞ ሳለ አቤት ያለ የለም። ቁጥሩ በግዕዝ መጻፉ በአደባባይ ለመደበቅ በቂ ነበር።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ስሙኒ ነው። በመጀመሪያ ክብ ነበር። ብልሆች መዳቡን ብር እየቀቡ ከብር በተሠራው ሽልንግ፣ ማለትም በሃምሳ ሳንቲም ዋጋ አሳለፉት። መንግሥት በ1940ዎቹ ዓ.ም. ክቡን ሰብስቦ ጠርዙ ሞገዳም የሆነ ስሙኒ አወጣ፤ ቀኑን ግን አልነካም፣ ያው ፲፱፻፴፮ ነው። የአገራችን እጅግ ውብ ሳንቲም ንድፍ ባለዕዳነቱ ለአጭበርባሪዎች መሆኑን ይህ ጥናት በአክብሮት ይመዘግባል።

ወደ አንበሶቹ እንለፍ። የኢትዮጵያው አንበሳ ከአንድ ሳንቲም እስከ አንድ ብር ያለ እረፍት ይሠራል። የኬንያው ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሥር ሽልንግ ላይ ብቻ ተመድቧል፤ የቀረውን ሥራ ቀጭኔ፣ አውራሪስና ዝሆን ተካፍለውታል። አራዊቱ የተቀጠሩት የ2010 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 231 የግለሰብ ምስል በገንዘብ ላይ እንዳይወጣ ስለከለከለ ነው። በ2019 አዲሶቹ ኖቶች ሲወጡ ግን ከናይሮቢው የጉባኤ ማዕከል ሕንፃ ፊት ጆሞ ኬንያታ በሐውልትነት ተቀምጠው ተገኙ። ሐውልት ሰው ነው ወይስ የሕንፃው አካል? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ ኖቶቹ መመንዘራቸውን አላቋረጡም።

የሶሎሎው ባለሱቅ አንድ ሺህ ሽልንግ ሲቀበል የተቀመጡትን ሰውዬ አላያቸውም። ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ክሩን አየ፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ስለ አንቀጽ 231 ለቀረበለት ዝርዝር መጠይቅ የሰጠው ምላሽ አንድ ብቻ ነው፦ «ስኳር ነው ዘይት?»