እሺ በሉ፣ ወረቀቱ በኋላ ይመጣል

«ቀበቶ አጥብቁ» ማለት የበረራ አስተናጋጅ ሥራ ነው። በ2003 ግን (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የአሜሪካን ኤርላይንስ አለቆች ይህችንም ሥራ ቀሟቸው። ዞር አሉና ለራሳቸው ለአስተናጋጆቹ «ቀበቶ አጥብቁ» አሏቸው።

ምክንያት አላጡም። ከ2001ዱ የመስከረም የሽብር ጥቃት ወዲህ መንገደኛ ሸሽቷል። የኩባንያው ባለቤት ኤኤምአር በ2002 ብቻ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል። ዩናይትድ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የኪሳራ ፍርድ ቤት ደጅ ቆሟል። ስለዚህ ከሠራተኛው ሁሉ በዓመት 1.8 ቢሊዮን ዶላር ይቀነስልን ተባለ። ፓይለቱ ከደመወዙ 23 በመቶ ይተው፣ አስተናጋጁ 15.6 በመቶ፣ መካኒኩና የሻንጣ ጫኙም የድርሻቸውን። አስተናጋጆቹ ላይ የወደቀው በዓመት 340 ሚሊዮን ነበር። «እምቢ ካላችሁ ምዕራፍ 11» ተባለ፤ ምዕራፍ 11 ማለት ኩባንያን ኪሳራ ፍርድ ቤት የሚያስገባው የሕጉ ምዕራፍ ነው።

የፓይለቶቹ፣ የአስተናጋጆቹና መካኒኩን ከሻንጣ ጫኙ ጋር ያቀፈው የትራንስፖርት ሠራተኞቹ ማኅበር፣ ሦስቱም የቅነሳውን ውል ለአባላት ድምፅ አወረዱት። ያኔ ነው የአስተናጋጆቹ ማረፊያ ክፍል ወሬ የጦፈው። እኛ ደግሞ ክርክሩን በራሳችን አፍ እናስነግረው፤ ተረብ ያለ ተራቢ አይደምቅምና።

«ከመሞት መሰንበት» አለ እሺ ባዩ።

«መሰንበቱስ ይሁን፤ ውሉ ግን የስድስት ዓመት ነው። ይሄ ሰንበት ነው ሱባኤ?» አለች እምቢ ባይዋ።

«ማኅበሩ እኮ አስጠንቶ ነው ያመጣው።»

«ፈተናውን ያወጣው ኩባንያው፣ መልሱን የሰጠው ኩባንያው፤ ማኅበራችን ማርክ ነው የደመረው።»

«ፍርድ ቤት ከገባን ዳኛው የኅብረት ስምምነታችንን ሊቀደው ይችላል።»

«ዳኛ ከሚቀድብኝ ራሴ ልቅደደው ነው የምትለኝ?»

«አዎ! በራሳችን እጅ ሲሆን በልኩ ይቀደዳል።»

እዚህ ላይ ሳቅ ሆነ፤ ሆኖም እሺ ባዩን ሞኝ ያለ ራሱ ሞኝ ነው። ሕጉ በእርግጥም ለዳኛው ያን ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ዩናይትድም አጠገባቸው እየተገላበጠ ነበር። ሰውዬው ቤት ኪራይ አለበት፣ ልጅ ያስተምራል። ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም። ጥያቄው ያስፈራራው ማን ነው የሚለው ነበር፤ እሷም የሄደችው ወደዚያው ነው።

«ይሄ ማኅበር በ1993 በታንክስጊቪንግ በዓል ሰሞን አድማ መትቶ ፕሬዚዳንት ክሊንተንን በመሐል ያስገባ ማኅበር አይደል እንዴ? ምን ነካው?»

«ያኔ ኩባንያው ገንዘብ ነበረው።»

«ዛሬ የለውም ያለህ ማን ነው?»

«ራሱ ኩባንያው።»

«ኪሱን ፈትሸሃል?»

«አለቃ ይፈተሻል እንዴ?»

«እኛ ስንገባ ስንወጣ በማሽን እንፈተሽ የለም? እሱ ምን ቢይዝ ነው? ደግሞ ይሄ ኩባንያ በቀድሞው አለቃ በክራንዶል ዘመን ከሰላጣ ላይ አንዲት የወይራ ፍሬ አስነስቶ በዓመት 40,000 ዶላር ቆጠበ እየተባለ ሲወራለት የኖረ ነው። የወይራ ፍሬ የሚቆጥር አለቃ የገዛ ጡረታውን ሳይቆጥር ይተኛል ብለህ ነው?»

እሺ ባዩ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ኤፕሪል 15 ድምፁ ተቆጠረ፤ ፓይለቶቹና የትራንስፖርት ሠራተኞቹ ማኅበር እሺ አሉ። አስተናጋጆቹ እምቢ አሉ። ወዲያው የድምፅ መስጫው ጊዜ በአንድ ቀን ተራዘመ፤ በማግሥቱ እሺታው አለፈ።

«ላልደረሰው ሰው ዕድል ለመስጠት ነው» አለ እሺ ባዩ።

«በረራ ላይ የዘገየ መንገደኛ በር ሲዘጋበት ስንት ጊዜ አይተሃል። የእኛ እምቢታ ግን ገብቶ፣ ሻንጣውን ሰቅሎ፣ ከተቀመጠ በኋላ ነው በሩ እንደገና የተከፈተው። እሺ ብለን ቢሆን ያራዝሙልን ነበር?»

«እሱስ… አያራዝሙም።»

አሁን ወደ ወይራዋ ፍሬ እንመለስ። በዚያው በኤፕሪል 15 ኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርቱን ለአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አስገብቶ ነበር። ወረቀቱ ሲገለጥ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ለጥቂት ከፍተኛ ኃላፊዎች እስከ ጥር 2005 ከቆዩ የመነሻ ደመወዛቸው እጥፍ የሆነ ጉርሻ ተመድቦላቸዋል። ሁለተኛ፣ ለ45 ኃላፊዎች ጡረታ 41 ሚሊዮን ዶላር በአደራ ተቀምጧል፤ ኩባንያው ቢከስር እንኳ አበዳሪ እንዳይነካው ሆኖ። ሠራተኛውን በኪሳራ ያስፈራራ አለቃ ለራሱ የኪሳራ መጠለያ ሠርቶ ጨርሷል ማለት ነው።

«ጉርሻው ለምንድን ነው?» አለ እሺ ባዩ፣ ድምፁ ወርዶ።

«ጥለው እንዳይሄዱ።»

«እኛስ?»

«እኛማ የት እንሄዳለን ብለው ነው!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማኅበራቱ «እንዲህ መሆኑን አልተነገረንም፣ ድምፁ ይደገም» ብለው ተነሡ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዶናልድ ካርቲ ይቅርታ ጠየቁ፤ የቆይታ ጉርሻው ተሰረዘ፣ የጡረታው አደራ ግን ባለበት ቆመ። ኤፕሪል 24 ካርቲ ሥልጣን ለቀቁ፣ ጄራርድ አርፔ ተተኩ። ውሉም ከስድስት ዓመት ወደ አምስት ወረደ፤ ቅነሳው ግን ጸና።

ከዚያ በኋላ አባሉ ጥርሱን ያገጠጠው በማን ላይ ነው? በማኅበሩ መሪዎች ላይ። «ሸጡን!» ያለው አለ። «አተረፉን!» ያለው አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይሉታል ይህን፤ ዳውላው ግን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው አይባልም።

«አልተነገረንም ነው መልሳቸው» አለች እምቢ ባይዋ፣ «ጠይቀው ነበር ወይ?»

እዚህ ላይ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። የሰፈር ዕድር እንኳ መዋጮ ጨምሩ ሲል ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ መዝገቡን ያነባል፤ ካላነበበ እማማ ከኋላ ሆነው «ደረሰኙስ?» ይላሉ። በዓመት 340 ሚሊዮን ዶላር የሚያስረክብ ማኅበር ከአንድ ዕድር ያነሰ ጥያቄ ጠይቆ «አልተነገረንም» ቢል ራሱን መከላከሉ አይደለም፤ ጥፋቱን ራሱ መናገሩ ነው። ኩባንያ መደበቁ ጠባዩ ነው። የመሪ ሥራ ግን የተነገረውን ለአባል ማድረስ ብቻ ከሆነ፣ ለዚያማ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፤ መዋጮም አይጠይቅም።

እምቢ ባይዋ ልትኩራራ ስትል ከጥግ ድምፅ መጣ። ከቲ ደብሊው ኤ አየር መንገድ የመጡ አንጋፋ አስተናጋጅ ናቸው።

«ልጄ፣ አንቺ ለደመወዝሽ እምቢ አልሽ፤ ጎበዝ። በ2001 አሜሪካን የእኛን ኩባንያ ሲገዛ ማኅበራችሁ ከሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ ጋር ከአገልግሎት ቅደም ተከተል ዝርዝሩ ግርጌ ሲያስቀምጠኝ እምቢ ብለሽ ነበር?»

«እትዬ… እሱ የሲኒዮሪቲ ጉዳይ ነው።»

«አዎ፤ ሲኒዮሪቲ ማለት አንቺ ስትቀድሚ ነው።»

ክፍሉ ጭጭ አለ። በ2003 ክረምት ከቲ ደብሊው ኤ የመጡት 4,000 ያህል አስተናጋጆች ጠቅልለው ከሥራ ወጥተዋል። ለመሪው «ሸጥከን» የሚል አባል፣ ያው መሪ ሌላውን ሲሸጥለት ሂሳቡ ትክክል ነው ብሎ ፈርሞ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። መሪ ጥያቄ አለመጠየቅን አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ከአባሉ ነው።

የቀረው አጭር ነው። በ2004 ማኅበሩ አዲስ ፕሬዚዳንት መረጠ። በ2007 ለኩባንያው ኃላፊዎች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ አክሲዮን ታደለ፤ የሠራተኛው ደመወዝ ገና በተቀነሰበት ነበር። ኖቬምበር 29 ቀን 2011 ደግሞ ያ ሁሉ ተከፍሎ የተሸሸው ምዕራፍ 11 መጣ። የፈሩት ይደርሳል።

«ታዲያ እሺ ማለታችን ምን አተረፈልን?» አለ እሺ ባዩ።

«ስምንት ዓመት ሰነበትክ። ቃልህ ደርሷል።»

«እምቢ ብንልስ ኖሮ?»

«ያኔውኑ ፍርድ ቤት እንገባ ነበር ይሆናል። ልዩነቱ እዚያ ዳኛው ሁሉም ወረቀቱን ያውጣ ይላል፤ አለቃም ጭምር።»

«ስለዚህ ፍርድ ቤት ይሻለን ነበር?»

«እንደሱ አላልኩም። ወረቀቱን ለማየት ዳኛ መጠበቅ አልነበረብንም ነው ያልኩት።»

«እሺ፣ ለሚመጣው ምርጫ ድምፅሽን ለማን ትሰጫለሽ?»

«ከፈረመ በኋላ ለሚጮኸው አልሰጥም።»

«ለእምቢ ባዩ ነዋ!»

«ለእሱም አልሰጥም። እምቢ ማለትማ እኔም እችላለሁ። እሺም እምቢም ሳይል በፊት ‘የእናንተስ ወረቀት የታለ?’ ለሚለው ነው።»

«እንዲህ ያለ እጩ አለ?»

«አንተ ጠይቀህ ታውቃለህ?»