ትምህርቱ የት ነው? ዛፉ ሥር!

«እነዚያ ልጆች ዛሬም ትምህርት ቤት አልሄዱም?»

አልሄዱም እትዬ። ትምህርት ቤቱ ቀድሟቸው ሄዶ ማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር እየጠበቃቸው ነው።

ሜልበርን ውስጥ፣ በተለይ ፉትስክሬይ አካባቢ፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ የሰሞኑ ወሬ ይኸው ነው። አንዲት የኛ ሰው ልጆቿን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ቤቷ ማስተማር ጀመረች። ያ ሳያንስ «የተፈጥሮ ጥናት» የሚባል ሥርዓተ ትምህርት ያዘች። ልጆቹ ደብተርና የውሃ ቀለም ተሸክመው የዛፍ ቅርፊት ሲስሉ ይውላሉ። ሀበሻ ደግሞ ለሰው ልጅ ትምህርት ከወላጁ በላይ ይጨነቃል፤ በተለይ ከፋዩ ሌላ ሰው ሲሆን። እኔም የሰማሁትን ተረብ ይዤ መልስ ልሰጥበት ተነሥቻለሁ። ማንም አልወከለኝም። ሴትዮዋም ታመሰግነኛለች ብዬ አልጠብቅም፤ ለእሷም የቆጠብኩላት አለኝ።

«አውስትራሊያ ድረስ የመጣነው ልጆቻችን ቅጠል እንዲቆጥሩ ነው?»

ጋሼ፣ እርስዎስ ቅጠል ሳይቆጥሩ አድገው ምን ቆጠሩ? የትርፍ ሰዓት! እኛኮ የአበባን ክፍሎች የተማርነው በጠመኔ ከተሳለ አበባ ነው። እውነተኛው አበባ መስኮቱ ሥር ፈክቶ ነበር፤ ወደ እሱ ዞር ያለ ልጅ ግን «ወዴት ነው የምታየው!» ተብሎ ጆሮውን ይቆነጠጥ ነበር። ፎቶሲንተሲስን በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳንስት ሸመደድናት። ዛሬ ከቅጠል ወገን በስም ለይተን የምናውቀው ግን ጎመን፣ ጌሾና ጫት ብቻ ነው።

«ሕገ ወጥ ነው! መንግሥት ይይዛታል!»

እስካሁን የያዛት የእርስዎ ምላስ ብቻ ነው። የቤት ትምህርት በሁሉም የአውስትራሊያ ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ የሚጠየቀው ምዝገባ ወይም ፈቃድ ነው። በቪክቶሪያ ልጅ ከ6 እስከ 17 ዓመቱ ድረስ ወይ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ወይ በቤት ትምህርት ይመዘገባል። የግዛቲቱ የምዝገባና የብቃት ባለሥልጣን ከወላጅ የመምህርነት ዲፕሎማ አይጠይቅም፤ የትምህርት ዕቅድ ግን ይጠይቃል፤ ዕቅዱም ስምንት የትምህርት ዘርፎችን መንካት አለበት። በኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ ባለሥልጣኑ የወከለው ሰው ወላጅን አነጋግሮ ዕቅዱን ያያል።

ስምንት ዘርፍ ከየት ይመጣል ካሉኝ፣ ከአንዲት ወፍ ልጀምርልዎት። ልጁ ወፏን ሲስል ሥነ ጥበብ ነው። ምንቃሯ ለምን ቆልመም አለ ብሎ ሲጠይቅ ሳይንስ ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ እንደመጣች ቆጥሮ በግራፍ ሲያስቀምጥ ሒሳብ፤ ያየውን በሁለት አንቀጽ ሲጽፍ እንግሊዝኛ፤ ተከትሏት ዳገት ሲወጣ ሰውነት ማጎልመሻ። «ይህቺ ወፍ በአማርኛ ማን ትባላለች?» ብሎ ለአያቱ ሲደውል ቋንቋም ገባ። አያትየው «ወፍ ናት እንግዲህ፣ ምን ልበልህ?» ካሉት ግን ጥፋቱ የሥርዓተ ትምህርቱ አይደለም።

«መጽሐፉን አየሁት፤ ከዳር እስከ ዳር ስለ በረዶ ነው የሚያወራው።»

እዚህ ላይ ተረበኛው አሸነፈ። እህቴ፣ ተራሽ ደረሰ፤ ተዘጋጂ።

የገዛሽው ሥርዓተ ትምህርት ለአሜሪካ ልጅ የተሰፋ ነው። ጃንዋሪ ላይ «ውጡና በበረዶው ላይ የእንስሳት ኮቴ ፈልጉ» ይልሻል። ጃንዋሪ ላይ ሜልበርን ውስጥ ወጥተሽ የምታገኚው ኮቴ አስፋልት ላይ ሊቀልጥ የደረሰ ነጠላ ጫማ ነው። ኦክቶበር ላይ «የረገፈ ቅጠል ሰብስቡ» ይልሻል፤ እዚህ ግን ኦክቶበር አበባ የሚፈነዳበት ወር ነው። ደግሞስ ባሕር ዛፍ የማንን ትእዛዝ ጠብቆ ይረግፋል? ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉን አብዝቶ የሚያራግፈው በሙቀቱ ወራት ነው፤ ቅርፊቱንም እየገፈፈ የሚጥለው ያኔ ነው። የሀገሬው ዛፍ ቀልቶ ሲረግፍ ማየት ካማረሽ ባሕር ተሻግረሽ ታዝማኒያ ትሄጃለሽ፤ እዚያ ክሬድል ተራራ ላይ ፋገስ የምትባል አጭር ዛፍ በኤፕሪል መጨረሻ አካባቢ ቀለሟን ትቀይራለች። ለአንድ የቤት ሥራ የጀልባ ትኬት ልትቆርጪ ነው ማለት ነው።

ሰማዩም አይስማማም። መጽሐፉ የቀትር ፀሐይን በደቡብ በኩል ፈልጉ ይላል፤ ሜልበርን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። አዲስ ጨረቃ በቀኝ ጎኗ ትበራለች ይላል፤ እዚህ በግራዋ ነው የምትበራው። ሀገር ቤት ደግሞ ወደ ምድር ወገብ ስለምንቀርብ ጋደም ብላ ነው የምናያት። እህቴ፣ መጽሐፉን ዝጊና ልጁ ሦስቱን ጨረቃዎች ጎን ለጎን ይሳል፤ የአዲስ አበባዋን አክስቱ በስልክ ፎቶ አንስታ ትላክለት። ምድር ክብ መሆኗን ከዚያ በላይ የሚያስረዳው አስተማሪ የለም።

የዚህ ትምህርት እናት የምትባለው እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ሜሰን እ.ኤ.አ. ከ1842 እስከ 1923 የኖረች ሴት ናት። ልጆች ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ቀኑ ደህና በሆነ ቁጥር አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሰዓት ሜዳ ላይ ይዋሉ ብላ መከረች። ለእንግሊዝ ልክ ናት። ሜልበርን ውስጥ ግን ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ማለት ብርዱን፣ ካፊያውንና ንፋሱን መርጦ ልጅን ማስወጣት ነው። ቃሏን ሳትገለብጪ የያዝሽ እንደሆነ ልጆቹ የሚያጠኑት ተፈጥሮ የገዛ ንፍጣቸውን ነው።

የሚያስቀኝ ምን መሰለሽ? ለዚህች ከተማ ከዚያ ሁሉ ፈረንጅ መጽሐፍ ይልቅ የሚቀርባት የባሕረ ሐሳብ አቆጣጠራችን ነው። መፀው መስከረም 26 ይገባል፣ በጋ ታኅሣሥ 26፣ በልግ መጋቢት 26፣ ክረምት ሰኔ 26። ይህንን ሜልበርን ላይ አምጥተሽ ብትዘረጊው ከከተማዋ ወቅት በአንድ ወር ገደማ ዘግየት ይላል እንጂ ቅደም ተከተሉ ልክክ ነው፤ የአሜሪካው ግን በግማሽ ዓመት ይስታል። ሀገር ቤት መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ፣ እዚህ ሴፕቴምበር ሲገባ ቢጫው ዋትል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የዋትል ቀን ሴፕቴምበር 1 ነው፤ ከእንቁጣጣሽ በአሥር ቀን ይቀድማል። ልጆችሽ የአበባየሆሽ አበባቸውን የሚስሉት ከደጃፋቸው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ለጌጥ ብቻ ነው እንዴ የተረትነው?

የአውስትራሊያን ነባር ሕዝቦች የጠየቀ ደግሞ አራቱም ወቅት እዚህ በልክ እንዳልተሰፋ ይሰማል። በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ያሉት የኑንጋር ሕዝቦች ዓመቱን ስድስት ቦታ ይከፍሉታል፤ ቢራክ፣ ቡኑሩ፣ ጄራን፣ ማኩሩ፣ ጂልባ፣ ካምባራንግ።

አውስትራሊያኖችም ቢሆኑ የራሳቸው የተፈጥሮ ጥናት ጠፍቶባቸው አያውቅም። አሜሪካዊቷ አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክ ዛሬም የቤት አስተማሪዎች የሚማማሉበትን የተፈጥሮ ጥናት መመሪያዋን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በዚያው ዓመት ጆን አልበርት ሊች እዚሁ ሜልበርን የአውስትራሊያን ወፎች መጽሐፍ በኪስ በሚያዝ መጠን አሳተመ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኤሚ ማክ የሲድኒን ጫካ በየወሩ እየተከታተለች መዝግባ መጽሐፍ አደረገችው፤ በዚያው 1909 በቪክቶሪያ የጉልድ ማኅበር ተቋቁሞ ተማሪዎችን «ወፍ አልጎዳም፣ እንቁላል አልሰርቅም» እያሰኘ ቃል ያስገባ ጀመር። እህቴ በዶላር ከአሜሪካ ያስመጣሽው ጎረቤትሽ ቤት መቶ ዓመት አልፎታል።

«እባብ ቢነድፋቸውስ?»

ይኸኛው ተረብ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ማሪቢርኖንግ ዳር ታይገር እባብ አለ። ሣር ውስጥ ዘው አይባልም፤ ከታየ ይቆማል፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይባላል። ከነደፈ ቁስሉ አይታጠብም፤ የተነደፈው እግር ወይም እጅ በሰፊ ላስቲክ ፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ከጣቶቹ ጀምሮ ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ ይጠቀለላል፤ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ 000 ይደወላል። ይህንን የእህቴ የሰባት ዓመት ልጅ ያውቃል። ጠያቂው ጋሼ የሚያውቁት ግን በምላጭ በጥቶ መምጠጥን ነው። እንግዲህ እባብ ቢነድፈኝ ከማን ጋር መሆን እንደምመርጥ ይፍረዱ።

ማግፓይ የሚባለው ወፍ ነገርማ ሌላ ነው። ከኦገስት ጀምሮ እንቁላሏን የታቀፈች ሚስቱን የሚጠብቅ ወንድ ማግፓይ ብስክሌተኛን ከኋላ መጥቶ ሊወጋው ይችላል፤ ሁሉም ሳይሆን ጥቂቶቹ። ፊት ለይተው ያስታውሳሉ። ስለዚህ ልጅ ወፍ አክብሮ ማለፍን ይማራል፤ አዋቂው ግን የራስ ቁሩ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ እንደ ጃርት እሾህ አቁሞ ይነዳል።

ዝምብን በተመለከተ ደግሞ አባቶች ተሳስተዋል። ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም ያሉት የአውስትራሊያን ገጠር በጋ ሳያዩ ነው። እዚህ ዝም ብትል በአፍንጫህ ይገባል።

ሀገሬውም ተረብ ያውቃል። ኮአላ የምትመስል፣ ግን ሥጋ በል የሆነች፣ ከዛፍ ላይ ዘላ አናት ላይ የምታርፍ «ድሮፕ ቤር» አለች ብለው አዲስ መጤን ያስፈራራሉ። የለችም። ደብተር ይዞ ጫካ የሚውል ልጅ ሰምቶ ይስቃል። አባቱ ግን እስካሁን ቀና እያለ ነው የሚራመደው።

«ወንዝ ዳር ተጎልቶ ምን ዕውቀት ይገኛል?»

እንቁላል ይገኛል። ፕላቲፐስ የምትባለው ጠጉራም የወንዝ እንስሳ ቆዳ ለንደን ደርሶ ጆርጅ ሾው የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1799 ሲጽፍበት፣ አንድ ተንኮለኛ የዳክዬ አፍ ሰፍቶበት ይሆናል ብሎ ጠርጥሯል። ከዚያ በኋላ ሊቃውንት እንቁላል ትጥላለች፣ አትጥልም እያሉ ተከራከሩ። ነባሮቹ የወንዝ ዳር ሰዎች ትጥላለች ብለው ነግረዋቸው ነበር፤ የሰማቸው ጥቂት ነው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1884 ዊልያም ካልድዌል ኩዊንስላንድ በርኔት ወንዝ ላይ ወርዶ፣ እነዚያኑ ነባር ሰዎች ለፍለጋው ቀጥሮ፣ እውነት መሆኑን በቴሌግራም አስታወቀ። ከሰማንያ ዓመት በላይ በወንበር የተከራከሩበትን የወንዝ ዳር ሰው ያውቀው ነበር።

«ባሕር ዛፍ ደግሞ ምኑ ይጠናል? ጠግበነው አይደል እንዴ የመጣነው!»

አንድደነው ነው የመጣነው፣ ወንድሜ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት የደረሰላት ነጭ ባሕር ዛፍ አገሩ ታዝማኒያና ደቡብ ቪክቶሪያ ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው እዚህ ወንዝ ለወንዝ የሚያድር ባለ አገር ነው። ባሕር ዛፍ ባይሆንም፣ አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ከሰል እያከሰለ ሲሸጠው የኖረው ዲከረንስ የሚባል ዛፍም የሲድኒ አካባቢ ተወላጅ ነው። እናቶቻችን ከእንጦጦ ጎብጠው ያወረዱት ግን ባሕር ዛፉን ነው። እኛ ገና ወጣት ሳለ ስለምንቆርጠው ሲያረጅ ምን እንደሚሆን አይተን አናውቅም። አገሩ ላይ መቶ ዓመት ሲያልፈው ግንዱ ይቦረቦራል፤ በቀቀኑና ጉጉቱ እዚያ ውስጥ ይፈለፍላል። ስዊፍት የሚባለው በቀቀን ታዝማኒያ ሲራባ የነጩን ባሕር ዛፍ አበባ ማር ይመገባል። እኛ አበባ እንዳለውም የምናውቅ ስንት ነን? ልጁ የአያቱን ማገዶ ከነአበባው ስሎ ለአያቱ ቢልክላቸው ማን ማንን አስተማረ?

«ከሰው ሳይገናኙ ያድጋሉ።»

ይህን ያሉት ሴት ጎረቤታቸውን በስም አያውቁም።

አሁን ወደ እህቴ ልመለስና ልጨርስ። ያ ሁሉ የታተመ ካርድ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ የቅጠል ሥዕል፣ ሠላሳ ስድስት ቀለም፣ አጉሊ መነጽር ከነቦርሳው ለምንድን ነው? ካርዱን ሲቆርጡ ውለው መሸ፤ ውጪ ሳይወጡ ተፈጥሮ ተጠና። ላም አለኝ በሰማይ። ደግሞ «የተፈጥሮ ጠረጴዛ» አዘጋጁ ስላለሽ ያየሽውን አታግበስብሺ፤ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አበባ መቅጠፍና ድንጋይ መሸከም ክልክል ነው፤ ባሕር ዳር የተገኘ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥም ሰማያዊ ቀለበት ያለው መርዘኛ ኦክቶፐስ ተጠልሎ ሊሆን ይችላል። አይቶ፣ ስሎ፣ እዚያው መተው ነው። ማታ ረግረጉ ዳር ቆማችሁ እንደ ተመታ የክራር ጅማት «ቦንክ» የሚለውን እንቁራሪት ብትሰሙ፣ የአውስትራሊያ ሙዚየም ፍሮግአይዲ በሚባል የስልክ መተግበሪያ ድምፁን ተቀብሎ ዝርያውን ይነግራችኋል። ነፃ ነው።

ተረበኞቼ ሆይ፣ እናንተም አትቅሩ። በየዓመቱ ኦክቶበር በርድላይፍ አውስትራሊያ የጓሮ ወፍ ቆጠራ ያካሂዳል። የሚጠይቀው 20 ደቂቃ ነው፤ ጓሮ የሌለው በረንዳ ላይ ሆኖ ይቆጥራል፤ ክፍያ የለውም። ጀበናው ተጥዶ እስኪፈላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡና ቁጠሩ፤ የሰው ልጅ ቆጠራው ለአንድ ቡና ይቆይ።