የትኛው ሻምፒዮን?

የቦክስ አለቆች ወጣቱ ለምን እንደሸሻቸው ግራ ገብቷቸዋል አሉ። እውነትም ያስገርማል! ምን አጎደሉበት? አንድ የዓለም ሻምፒዮን ያንሰዋል ብለው አራት ድርጅትና ቢያንስ 17 የክብደት ምድብ አዘጋጁለት። ይህም እንዳያንሰው «ሱፐር»፣ «ጊዜያዊ»፣ «አልማዝ» የሚሉ ማዕረጎች ጨመሩበት። ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኡሲክ በ2024 እ.ኤ.አ. ተቀናቃኙን ፉሪን ረትቶ የከባድ ሚዛን አራቱን ቀበቶዎች አንድ ላይ ሰበሰበ፤ ተመስገን፣ ሻምፒዮኑ ታወቀ ስንል ሁለት ወር ሳይሞላ አንዱን አስረከበ።

ትዕግስትም አስተምረውታል። የቦክሰኞቹ የሜይዌዘርና የፓኪያዎ ግጥሚያ ወሬ ሲጀመር፣ በ2009 እ.ኤ.አ.፣ አንደኛ ክፍል የገባ አሜሪካዊ ልጅ፣ ሁለቱ በ2015 ላስ ቬጋስ ላይ ሲገናኙ ስድስተኛ ክፍልን እያገባደደ ነበር። ያውም ግጥሚያውን የሚያየው አባቱ 100 ዶላር ገደማ ከከፈለለትና፣ ኒውዮርክ የሚኖር ከሆነም እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ካልተኛ ነው። ለዚህ ሁሉ ያየው ምን መሰላችሁ? ሜይዌዘር ጎንተል አድርጎ ዞር ሲል።

ከዚያ ጄክ ፖል የሚባል የዩቲዩብ ልጅ መጣ። በኅዳር 2024 ቴክሳስ ላይ የ58 ዓመቱን አንጋፋ ቦክሰኛ ታይሰንን ገጠመ። ዙሩ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ጓንቱ ወፍራም፣ ምስሉ በየመሃሉ ቀጥ የሚል፣ ፍልሚያው ደግሞ ቀዝቃዛ። ኔትፍሊክስ ግን 60 ሚሊዮን ቤተሰብ አየው አለ። ለምን አያይ? ተጨማሪ ክፍያ የለበትም፣ ማን ከማን እንደሚጋጠምም ሁሉም ያውቃል።

እናም ጌቶቻችን፣ ምስጢሩ ይህ ብቻ ነው። ሁለቱን ኃይለኞች ጉልበታቸው ሳይከዳቸው አጋጥሙልን፤ ዋጋውንም ቀነስ አድርጉት።