ሁሉም ለሾፌሩ ክብር

የመኪና ፋብሪካዎች ለሾፌር ያላቸው ፍቅር ሌላ ነው። አዲስ ሞዴል ባስተዋወቁ ቁጥር “ለሾፌሩ ታስቦ የተሠራ” ሳይሉ አይወጡም። እውነታቸውን ነው። ከማሰባቸው ብዛት ድካሙን አንድ በአንድ ተረክበውታል። ፍሪሲዮኑን ወሰዱለት፣ የማርሹን ዘንግ ወሰዱለት፣ የእጅ ፍሬኑን ወሰዱለት። አሁን ደግሞ ቁልፍ የተባለውን ሁሉ ለቅመው በቦታው አንድ ትልቅ ስክሪን ተከሉለት። ታዲያ ለሾፌሩ ምን ቀረው? ክብሩ፣ እና የወር ክፍያው።

ድሮ እንዲህ አይከበርም ነበር። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው የመጀመሪያው 3 ሲሪዝ ላይ የዳሽቦርዱን መሀል ወደ ሾፌሩ አዞረው። ማዞሪያ ቁልፉ ሁሌም እዚያው ነው፤ እጅ በዳበሳ ያገኘዋል። ዓይን ሥራ ፈትቶ መንገድና እግረኛ ሲያይ ይውላል። ከዚህ የባሰ የዓይን ብክነት ከየት ይመጣል?

ብክነቱን ስዊድናውያን በቁጥር አስቀምጠውታል። “ቪ ቢሌጋሬ” የተባለው የመኪና መጽሔታቸው በ2022 ሾፌሮችን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያስነዳ አራት ጥቃቅን ሥራዎች አዘዛቸው፤ ወንበርና መኪና ማሞቅ፣ ሬዲዮ ከፍቶ ጣቢያ መምረጥ፣ የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ ማድረግ፣ የዳሽቦርዱን መብራት መቀነስ። የ2005 ሞዴሉ ቮልቮ ቪ70፣ ያ ቁልፉ የትየለሌ የሆነ አሮጌ፣ ሁሉንም በ10 ሰከንድ አስጨርሶ ሾፌሩን በ306 ሜትር ውስጥ ወደዚያ አሰልቺ አስፋልት መለሰው። ኤምጂ ማርቭል አር ግን እንግዳ አክባሪ ነው፤ 44.6 ሰከንድ አቆየው። እስከዚያ ድረስ መኪናው 1,372 ሜትር ተጉዟል። ዓይን በስክሪን፣ ነፍስ በፈጣሪ እጅ፤ እንዲህ ያለ እምነት በቤተ ክርስቲያንም ብርቅ ነው። (ፈተናው የተደረገው በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ስለነበር የሰማዕትነት አክሊል የተቀዳጀ የለም።)

በረከቱ እኛም ዘንድ ደርሷል። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ቮልስዋገን አይዲ 4ም ከነዚያው አንዱ ነው። እስቲ የሾፌሩን በር ተመልከቱ። መስኮቱ አራት ነው፣ የመስኮት ቁልፉ ግን ሁለት። የኋላውን መስኮት ለመክፈት መጀመሪያ “የኋላ” የምትለዋን መዳሰሻ መንካት፣ መብራቷን ማየት፣ ከዚያ የፊቱን ቁልፍ መጫን ነው። ሲጨርሱ መልሶ መንካት ከተረሳ፣ ሾፌሩ ለትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃድ ሊያቀብል ሲል ከኋላ የተቀመጡት የአማቱ መስኮት ይወርዳል። የድምፅና የሙቀት መዳሰሻውም በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ ሌሊት አይበራም ነበር፤ ሾፌሩ ጨለማውን በጣቱ እያሻሸ ዕድሉን ይሞክራል። ለቻይና ገበያ ተሠርተው ወደኛ ከመጡት መሀል ደግሞ ስክሪናቸው በቻይንኛ ብቻ የሚናገር አሉ። ሾፌሩ ሙቀት ሊቀንስ ገብቶ ቋንቋ ተምሮ ይወጣል። ይህን የትኛው ማሠልጠኛ በነፃ ያስተምራል?

የወሰዱትን ነገር ቅጂውን መልሰው መስጠታቸው ሌላው ደግነታቸው ነው። ቢኤምደብሊው በ2011 ባወጣው ኤም5 የሞተሩን ድምፅ በስፒከር ማሰማት ጀመረ፤ 560 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ኮፈን ሥር ቁጭ ብሎ ፕሌይባክ ይዘፍናል! አንዳንዱ መኪና ከኋላው ሁለት የሚያብረቀርቅ የማርሚታ አፍ ያሳያል፤ ጣት ቢሰዱበት የተደፈነ ፕላስቲክ ነው፣ እውነተኛው ጭስ ማውጫ ከሥር አጎንብሶ ይተነፍሳል። የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ከሁሉም ይልቃል። ኤሌክትሪክ ስለሆነ የሚቀየር ማርሽ የለውም፤ ግን የሌለ ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ በሶፍትዌር ተሠርቶለታል። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር መኪናው ነቅነቅ ይላል፤ በጊዜ ካልቀየረ የሌለው ሞተር ጣሪያ ነክቶ ይንተፋተፋል። አንድ ትውልድ መሐንዲስ ያንን መነቅነቅ ለማጥፋት ዕድሜውን ፈጀ፤ ተከታዩ ትውልድ ደመወዝ የሚበላው እሱኑ በመመለስ ነው። እውነት ለመናገር ይኼኛውን አልጠላውም። ቢያንስ ማስመሰሉን አይደብቅም።

ክብር ደግሞ ይከብዳል። በ1980ዎቹ የወጣው የመጀመሪያው ኤም5 1,430 ኪሎ ግድም ነበር፤ የ2024ቱ ከ2,400 በላይ ነው። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያህላል፤ ያች በ1989 የወጣች፣ ሁለት ሰው፣ አንድ የማርሽ ዘንግና ንፋስ ብቻ የምትይዝ ትንሽ መኪና። ሾፌሩ ኩርባ ላይ ብቸኝነት እንዳይሰማው ጭነውለታል ማለት ነው።

ማዝዳ እንኳ ለረጅም ጊዜ አልሠለጥንም ብሎ አስቸግሮ ነበር። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ይሁኑ የሚል የጃፓን አባባል ይዞ፣ በ2019ኙ ማዝዳ 3 ላይ በጣት የሚነካ ስክሪን ከልክሎ ማዞሪያ ቁልፍ አስቀመጠ። ምክንያቱ ደግሞ ስክሪን ለመንካት የተዘረጋ እጅ ሌላውን እጅ ይዞ መሪውን ያጣምማል የሚል ነበር። መሪ ላይ ሙጭጭ ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ደግነቱ ልብ ገዝቷል፤ በ2025 ያሳየው አዲሱ ሲኤክስ-5 ማዞሪያውን አውጥቶ ጥሎ እስከ 15.6 ኢንች የሚደርስ በጣት የሚነካ ስክሪን ይዞ መጥቷል።

የወር ክፍያውንም አልረሳሁትም። ቢኤምደብሊው በ2022 በአንዳንድ አገሮች የወንበር ማሞቂያን በየወሩ ማከራየት ጀምሮ ነበር። ማሞቂያው ወንበሩ ውስጥ ተገጥሟል፣ መኪናው ተገዝቷል፤ ሙቀቱ ግን የፋብሪካው ነው። ደንበኛው ምስጋና ቢስ ሆኖ ስለጮኸ በ2023 ተዉት።

አሁን ደግሞ ምቀኛ ተነሥቷል። መኪኖችን እያጋጨ ደኅንነታቸውን የሚመዝነው የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያ እውነተኛ ቁልፍ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ብሏል። ቮልስዋገንም ቁልፍ እመልሳለሁ ብሏል። ፌራሪ በ2025 ባወጣው አማልፊ የመሪው ላይ ቁልፎችን መልሷል፤ ሲጫኗቸው ጠቅ የሚሉ፣ የምር ቁልፎች። የድሮ ኮሮላ ያለው ሁሉ ይህንን ጠቅታ ጧት ማታ በነፃ ሲሰማው ኖሯል። ከእንግዲህ በአዲስ መኪና መስማት ለሚፈልግ መንገዱ ተከፍቶለታል፤ ፌራሪ መግዛት ብቻ ነው።