ደረሰኝህን አትጣል

ነቀምቴ ላይ ለቀበሌ ምክር ቤት ልትወዳደር ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። ደረሰኝ ስልህ የገንዘቡን አይደለም፤ እሱን የምትይዘው አንተ ነህ። እንኳን ደስ ያለህ! ካናቴራ ከማሳተምህና ሞንታርቦ ከመከራየትህ በፊት ግን ስለ ገንዘብ ልምከርህ። ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ቀልዱን ለእኛ ትቶልናል።

የምርጫ ሕጉን፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011ን፣ ግዛና ከራስጌህ አኑር። ከውጭ ዜጋ ገንዘብ አትቀበል ይልሃል፤ ስለዚህ ሚኒሶታ ያለው የአክስትህ ልጅ ፓስፖርቱን ቀይሮ እንደሆነ ዶላሩን ከመንካትህ በፊት ጠበቃ አማክር። ከሃይማኖት ተቋም አትቀበልም። ከበጎ አድራጎት ድርጅት አትቀበልም። ምንጩ ካልታወቀ ገንዘብ እጅህን ትሰበስባለህ። ፓርቲ ካለህ ደግሞ ፓርቲህ ሒሳቡን በኦዲተር አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ ያቀርባል። መልካም ሕግ ነው፣ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ሥራ ላይ ሲውል ብታየው ደግሞ የበለጠ ትወደዋለህ።

እስቲ በገበያ ቀን ወጥተህ ስትቀሰቅስ ይታይህ። አንጮቴ የሚሸጡ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሃያ ብር ያወጣሉ፤ «እንካ ልጄ፣ ለሻይህ» ይሉሃል። አንተ ሕግ አክባሪ ነህና ደብተርህን ትገልጣለህ፤ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ እማማ፣ አለዚያ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ይሆንብኛል።» እሳቸውም አገጭህን ይይዙና «እናትህን ያዋለድኳት እኔ፣ ዛሬ ምንጬ ያልታወቀ ሆንኩልህ?» ይላሉ። ሃያ ብሯን ትመልሳለህ፤ አንድ ድምፅም አብራ ትሄዳለች። ቀጥለህ ሞንታርቦህን የጫንክበትን ባጃጅ ሾፌር ደረሰኝ ትጠይቀዋለህ። እስኪበቃው ይስቃል።

በዚያው ሰዓት ከገበያው ማዶ ባለ አዳራሽ «የልማት ውይይት» ተጠርቷል እንበል። የውይይቱ ሞንታርቦ የተጫነበት ፒክአፕ ታርጋው የመንግሥት፣ ኮድ 4 ነው። ተሰብሳቢው በር ላይ ለውሎ አበል ይፈርማል፣ የታሸገ ውኃውን ይቀበላል፣ ስለ መንገዱና ስለ ውኃው ተስፋ ይሰማል፣ ያጨበጭባል። «ምረጡን» ያለ ሰው የለም። ስለዚህ ቅስቀሳ አልነበረም፤ ቅስቀሳ ካልነበረ ወጪ የለም፤ ወጪ ከሌለ ኦዲተር ምን ይሠራል? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለፓርቲ ገንዘብ መስጠት ክልክል ነው፤ ደግሞም አልሰጠም። ስብሰባ ነው የጠራው። ይህ ሒሳብ ካልገባህ ቀበሌ አትምራ።

ፓርቲ መነገድ እንደማይችልስ ታውቃለህ? በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 573 በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ንግድና ኢንዱስትሪ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎት ነበር። በዚያን ዘመን ታዲያ ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ ውስጥ ያሉ ድርጅቶች በየፊናቸው ኩባንያዎች ነበሯቸው። ትግራይ ውስጥ ኤፈርት፣ አማራ ክልል ውስጥ ጥረት፣ ለእኛ ለኦሮሚያዎቹ ደግሞ ዲንሾና ቱምሳ። የፓርቲ ንግድ እንዳትላቸው፤ ኢንዶውመንት ናቸው፣ የሕዝብ ናቸው። ሕዝቡ አንተ ነህ። ድርሻህን ተቀብለህ ታውቃለህ? ካልተቀበልክ ምናልባት ደረሰኝ ጥለህ ይሆናል።

ገንዘብ የሚያውቁ ሰዎች እንኳ ከዚህ ሒሳብ ፊት አልቆሙም። ኦቦ ቡልቻ ደመቅሳን ታስታውሳለህ፤ የወለጋ ልጅ ነበሩ፣ በንጉሡ ዘመን የገንዘብ ምክትል ሚኒስትር፣ ኋላም አዋሽ ባንክን ካቋቋሙት ዋነኛው። በ2000 የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ የሚመሩት ፓርቲ፣ ኦፌዴን፣ ወከባ በዛብን ብሎ ወጣ። ሳይወጣ የቀረውንም ቢሆን ሒሳቡ ያደክማል። የቀበሌ ምክር ቤት ወንበር ቁጥር እስከ 300 ከፍ ተደርጎ ነበር። ለአንድ ቀበሌ ብቻ 300 እጩ፣ 300 ፎቶ፣ 300 ሻይ፤ ከዚያ የምሥራቅ ወለጋን ቀበሌዎች ቁጠርና አባዛው። በአገሪቱ በጠቅላላው 3.6 ሚሊዮን ያህል መቀመጫ ነበር፤ ኢሕአዴግ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወሰደ። ይህን ሁሉ ሕዝብ በእጩነት ለማሰለፍ ስንት ሻይ እንደፈላ የጠየቀ ሰው አላየሁም፤ ነውር ነዋ፣ ቤት የገባ እንግዳ ስንት ሲኒ ጠጣ ተብሎ አይቆጠርም።

«በግሌ እወዳደራለሁ፣ ፓርቲም ገንዘብም አልፈልግ» ልትል ነው። ደምቢዶሎ ድረስ ሂድና የዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳን ነገር ጠይቅ። ከ1987 እስከ 1994 የአገር ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1997 ተወልደው ባደጉበት ደምቢዶሎ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። የተሰናበተ ፕሬዚዳንት ከወገንተኛ ፖለቲካ ይራቅ የሚለው አዋጅ 255 ተጠቅሶ መንግሥት ይሰጣቸው የነበረው ጥቅማ ጥቅም ተነሣባቸው። በግሉ የተወዳደረ ሰው የየትኛው ወገን ወገንተኛ ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ እኔ ስለ ገንዘብ ነው የምመክርህ። በምርጫ ታሪካችን ትልቁ የእጩ ወጪ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ያውም ቅስቀሳው ካበቃ በኋላ ነው የመጣባቸው፤ ደረሰኝም አያስፈልገው፣ አገር አይቶታል።

አንተ ግን የምትፈራው ነገር የለም፤ ጡረታም መኪናም የለህም። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ቀርታለች፣ ልነግርህ አፍሬ ነው እስካሁን የዘገየሁት። ምርጫው የለም።

የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ ሚያዝያ 2005 ላይ ተካሄደ፤ ያኔም 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንወዳደርም ብለው ቀርተው ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። ሰኔ 2013 አገር አቀፉ ምርጫ ሲደረግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ፤ ቀበሌና ወረዳ ግን አልተነሣም። ወለጋማ ያኔ ሌላ ጣጣ ነበረበት፤ ተቃዋሚዎቹ ኦነግና ኦፌኮ ከውድድሩ ወጥተዋል፣ በጸጥታው ምክንያት የመራጮች ምዝገባው እንኳ ዘግይቷል፣ ጨርሶ ድምፅ ያልተሰጠባቸው አካባቢዎችም ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይኸ ነው፤ የእኛዋ ደግሞ የወተቷ ሒሳብ በኦዲተር የሚመረመር ናት።

እንግሊዞች የእጩን የቅስቀሳ ወጪ በሕግ የገደቡት በ1883 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሞሮዳ በከሬ ነቀምቴን ሲገዙ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ፣ በሳንቲም ሲካሰሱ ይኖራሉ። ምስኪኖች! እነሱ የገደቡት ወጪውን ነው፤ እኛ ምርጫውን ገደብነው። ውጤቱን ተመልከት፤ ከ2005 ወዲህ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ከሻምቡ እስከ ነጆ አንድም የቀበሌ እጩ ከሕግ ውጭ ሳንቲም አላወጣም። ከዚህ የጸዳ ሒሳብ የትም አታገኝም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ አትቸኩል። ሚያዝያ 2005 የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ሞልቶት ለመምረጥ የሚበቃው በ2023 ነው። እስከዚያው የባነሩንም የሻዩንም ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለህ ከሣጥንህ አስቀምጥ። የወለጋ ክረምት ለወረቀት አይራራም።